ረጅሙን ግጥም ማን አስረዘመው?

የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያነበበ ሰው ሆርሙዝድ ራሳምን ያውቀዋል። የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ መጥቶ፣ መጀመሪያ በክብር ተስተናግዶ፣ ኋላ መቅደላ ላይ በእግር ብረት ከርሞ፣ በ1868 የናፒየር ጦር ሲቃረብ የተፈታው መልእክተኛ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ የማይነገርለት ይህ የሞሱል ተወላጅ ወደ ሐበሻ ምድር ከመምጣቱ በፊት የሠራው ሥራ ነው። በ1853 መገባደጃ ላይ በነነዌ ፍርስራሽ፣ ፈረንሳውያን ቆፋሪዎች የእኛ ድርሻ ነው በሚሉት ጉብታ ላይ፣ ሠራተኞቹን በሌሊት አሰማርቶ የአሦሩን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት አወጣ። ከአንዱ አዳራሽ ወለል ላይ ተከምሮ የተገኘው የሸክላ ጽላት በሣጥን እየታሸገ ወደ ለንደን ተላከ። ራሳም በእጁ ምን እንደገባ አላወቀም፤ ያን ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በዚያ ዘመን በጣት የሚቆጠር ነበር።

ጽላቶቹ ሃያ ዓመት ያህል ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተቀመጡ። ሙያው የገንዘብ ኖት ማተሚያ ቅርጽ መቅረጽ የነበረና ጥንታዊውን ጽሕፈት በራሱ ጥረት የተማረ ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ወጣት፣ በ1872 ከስብርባሪዎቹ በአንዱ ላይ መርከብ ተራራ ላይ ማረፏን፣ ርግብ ተልካ መቆሚያ አጥታ መመለሷን አነበበ። ከደስታው ብዛት ልብሱን እያወለቀ በክፍሉ ውስጥ ሮጠ ይባላል። ይህን ወሬ ያቆየልን ዋሊስ በጅ ነው፤ ክብረ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው በጅ። ሰውየው ወሬ ማሳመር ስለሚወድ የልብሱን ነገር እያመነታሁ ነው የምቀበለው። የማያጠራጥረው ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር 3 ቀን ስሚዝ ትርጉሙን ለንደን ውስጥ በጉባኤ ሲያነብብ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ሳይቀሩ ቁጭ ብለው መስማታቸው ነው። የጊልጋመሽ ታሪክ ከሁለት ሺህ ዓመት ዝምታ በኋላ እንደገና አድማጭ ያገኘው እንዲህ ነው።

ኤፒክ የምንለው ረጅም የጀግና ትረካ በግጥም፣ ከሜሶጶጣሚያ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች በብዙ ሕዝብ ዘንድ አለ። ስለ እሱ የተጻፈው ሁሉ ቢከመር የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም። እኔን የሚያከራክረኝ ግን አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው፤ ይህ ሁሉ ርዝመት ከየት መጣ? አንድ አዝማሪ፣ አንድ ምሽት፣ የደከመው አድማጭ፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ አምስት ሺህ መስመር እንዴት ይወጣል? መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። ነገር ግን ውልደታቸውን በዓይን ለማየት በቻልንባቸው ኤፒኮች ሁሉ አንድ ነገር ይደጋገማል። የሚያዜመው ሰው ፊት “ሙሉውን ንገረኝ” የሚል ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ በእጁም ብዕር ወይም መቅረጫ ይዟል።

ከጥንቱ እንጀምር። ጊልጋመሽ መጀመሪያ አንድ መጽሐፍ አልነበረም። በሱመር ቋንቋ የተጻፉ፣ እርስ በርስ የማይያያዙ አጫጭር ግጥሞች ነበሩ፤ አንዱ ስለ ዝግባው ጫካ ጠባቂ፣ ሌላው ስለ ሰማዩ ኮርማ፣ ሌላው ስለ ንጉሡ ሞት። ከዚያ የባቢሎን ጸሐፍት ክሮቹን ወደ አካድኛ አምጥተው ገመዱ። በመጨረሻም ሲን-ሌቂ-ኡኒኒ የሚባል ሊቅ በ11 ጽላት አስተካከለው፤ አሥራ ሁለተኛው ኋላ የተለጠፈ ጭማሪ እንደሆነ ያስታውቃል፤ የሞተው ኤንኪዱ ድንገት በሕይወት ይገኝበታል። ርዝመቱ የመጣው እንግዲህ ከጸሐፊ እጅ ነው። ግን ጸሐፊው የጨመረው ርዝመት ብቻ አይደለም። በሱመሮቹ ግጥሞች ኤንኪዱ የንጉሡ አገልጋይ ነው፤ በአካድኛው ወዳጁ ሆነ። ወዳጅ ስለሆነ ሞቱ ንጉሡን ሰበረው፤ ንጉሡ ስለተሰበረ ሞትን ሊሸሽ እስከ ዓለም ዳርቻ ተሰደደ። ድሉ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ያ ስደት ነው ግጥሙን ታላቅ ያደረገው። ሥራው ዛሬም አላለቀም፤ በ2011 የኢራቁ ሱለይማኒያ ሙዚየም ከገዛቸው ጽላቶች አንዱ ስለ ዝግባው ጫካ የማናውቃቸውን መስመሮች ይዞ ተገኘ፤ በ2014ም ታተሙ።

ሆሜር ላይ ስንደርስ ክርክሩ ይጦፋል። ኢልያድ 15 ሺህ ስድስት መቶ ምናምን መስመር አለው፤ ኦዲሲ 12 ሺህ አለፍ ይላል። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቮልፍ በ1795 ጽሕፈት በሌለበት ዘመን ይህን ያህል ግጥም አንድ ሰው ሊይዘው አይችልም፣ ስለዚህ የብዙ ሰው ቁርጥራጭ ስፌት ነው አለ። ከዚያ መቶ ዓመት ሙሉ ሊቃውንቱ ስፌቱን ሲፈልጉ፣ ይኸኛው መስመር አሮጌ ነው ያኛው ኋላ የተቀጠለ ነው እያሉ ሲከራከሩ ኖሩ። አብዛኛውን አሁን ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው።

ክርክሩን ከመጻሕፍት ቤት ያወጣው አሜሪካዊው ሚልማን ፓሪ ነው። ፓሪ መጀመሪያ ያስተዋለው ድግግሞሹን ነበር። አኪሌስ ተቀምጦ እያለ እንኳ ፈጣን ሯጭ ተብሎ ይጠራል። ለምን? ቅጽሉ የመጣው ለትርጉም ሳይሆን ለምጣኔው ነው፤ ገጣሚው እያዜመ ስንኙን መሙላት ስላለበት፣ ለእያንዳንዱ ጀግና ለእያንዳንዱ የስንኝ ክፍተት የተዘጋጀ ሐረግ አለው። ይህ ቃል በቃል የተሸመደደ ግጥም ምልክት አይደለም፤ በመድረክ ላይ እየተፈጠረ የሚሄድ ግጥም ምልክት ነው። ፓሪ ይህን በወረቀት ካረጋገጠ በኋላ ሕያው ምስክር ፍለጋ በ1933 ወደ ዩጎዝላቪያ ሄደ። በዚያ ጉስላር የሚባሉ ባለሙያዎች ጉስሌን ይዘው ያዜማሉ፤ ጉስሌ ክሩና ደጋኑ ከፈረስ ጭራ የሚሠራ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ነው፤ ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ሲያየው አይገርመውም። ሙስሊሞቹ ጉስላሮች በረመዳን ሌሊቶች ቡና ቤት ውስጥ ለጿሚው እየዘፈኑ ወሩን ያደርሱት ነበር።

በ1935 ፓሪና ረዳቱ አልበርት ሎርድ ቢየሎ ፖልየ በምትባል ከተማ አቭዶ መጀዶቪች የሚባል ማንበብና መጻፍ የማይችል አዛውንት ሥጋ ሻጭ አገኙ። አቭዶ ስለ አንድ ባላባት ልጅ ሠርግ የሚተርክ ዜማ ለቀናት ተናገረ፤ ሲቆጠር ከ12 ሺህ መስመር በላይ ሆነ፤ ከኦዲሲ ጋር ይተካከላል። ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ ግን ፓሪ ያደረገው ሙከራ ነው። አቭዶ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ሌላ ዘፋኝ ፊቱ እንዲዘፍን አደረገ፤ 2,294 መስመር ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ አቭዶን “አንተስ ልትለው ትችላለህ?” አሉት። አቭዶ ባልደረባውን እንዳያስከፋ በትሕትና ካመሰገነው በኋላ ተቀበለና ያንኑ ታሪክ በ6,313 መስመር አዜመው። ጀግናው ሲያዝን ሐዘኑን አብራራ፣ ፈረሱን አለበሰ፣ ጉባኤውን በሰው ሞላ። አንድ ጊዜ ብቻ የሰማውን ታሪክ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚዘሉትን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አቭዶ ያን ያህል የሚረዝም ዜማ ለቡና ቤት አድማጭ አይዘፍንም። ቡና ቤት ውስጥ ሰው ይገባል ይወጣል፤ ሲደክመው ይነሣል። ፓሪ ግን ገንዘብ ከፍሎ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ እስከፈለግህ ድረስ አስረዝመው ብሎ ተቀመጠ። ርዝመቱ የአቭዶ ችሎታ ነው፤ አጋጣሚው የፓሪ ነው። ፓሪ በዚያው ዓመት መጨረሻ በገዛ ሽጉጡ በተተኮሰ ጥይት በ33 ዓመቱ ሞተ። ሎርድ ሐሳቡን ይዞ በ1960 መጽሐፍ አደረገውና ከዚህ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ሆሜርም እንደ አቭዶ ለአንድ ጸሐፊ ቃሉን እያስጻፈ ነው ኢልያድ የተወለደው አለ። ማስረጃው አይጨበጥም፤ ቢሆንም እስካሁን ከቀረቡት ግምቶች ሁሉ የሚያሳምነኝ ይኸኛው ነው።

ተመሳሳዩ ነገር ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ ተደግሟል። በ1956 ቤልጅየማዊው ዳንኤል ቢበይክ በኒያንጋ ሕዝብ ዘንድ ካንዲ ሩሬኬ የሚባል ባለሙያ አግኝቶ የምዊንዶን ታሪክ ለአሥራ ሁለት ቀን አስነገረው። ሩሬኬ ታሪኩን እንዲህ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተከታታይ ቀናት ተርኮት እንደማያውቅ ራሱ ተናግሯል። በየመንደሩ የሚጠየቀው አንዱን ክፍል ብቻ ነበር። ሙሉው ምዊንዶ በሩሬኬ ልብ ውስጥ እንደ ዕውቀት ነበረ፤ እንደ ክንውን ግን ቢበይክ እስኪጠይቅ አልተወለደም። የፊንላንዱ ላውሪ ሆንኮ በ1990 ደቡብ ሕንድ ውስጥ ከጎፓላ ናይካ አፍ የቀረጸው የሲሪ ትረካም እንዲሁ ነው፤ በርዝመቱ ኢልያድን አከለ። ሆንኮ ሥራውን ያቀደው በቃል ብቻ የሚኖር ረጅም ኤፒክ ሊኖር እንደሚችል ለማሳየት ነበር፤ አሳይቷልም። እኔ ግን በጎፓላ ፊት የተቀመጠው ሆንኮ መሆኑን አልረሳም።

በዚህ መዝገብ ላይ ማናስ ራስ ነው። የኪርጊዞቹ ባለሙያ ሳያክባይ ካራላዬቭ ያስጻፈው ማናስ ከነልጁና ከነልጅ ልጁ ታሪክ ከ500 ሺህ መስመር ይበልጣል፤ ሁለቱ የሆሜር ሥራዎች ተደምረው 28 ሺህ አይሞሉም። ማናስቺ የሚባለው የማናስ ተራኪ ያለ መሣሪያ ነው የሚያዜመው፤ በድምፅና በእጁ ብቻ። አብዛኞቹ ሙያው በሕልም ተሰጠን፣ ማናስ ራሱ በሌሊት መጥቶ ጠራን ይላሉ። ይሁንና የግማሽ ሚሊዮኑ መስመር መጽሐፍ የሆነው የሶቪየት ሰብሳቢዎች ዓመታት አስቀምጠው ስላስጻፉት ነው። ያው መንግሥት ደግሞ በ1952 በኪርጊዞቹ ዋና ከተማ ጉባኤ ጠርቶ ማናስን የሕዝብ ጠላት ነው አይደለም ብሎ አከራከረበት። የግጥም ጀግናን ለፍርድ ማቆም በስታሊን ዘመን ብቻ የሚታሰብ ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ምክንያቱም ኤፒክና መንግሥት ከጥንትም ይፈላለጋሉ። በተለይ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የኤፒክ ገበያ ነበር። ራሴን የቻልኩ ሕዝብ ነኝ ለማለት ባንዲራ፣ መዝገበ ቃላትና አንድ ሆሜር ያስፈልግ ነበር። ቀደም ሲል ስኮትላንዳዊው ማክፈርሰን በ1760ዎቹ ኦሲያን የሚባል ጥንታዊ ገጣሚ አገኘሁ ብሎ አብዛኛውን ራሱ ጽፎ አወጣ፤ ናፖሊዮን ሳይቀር ወደደው። ቼኩ ሃንካ በ1817 ጥንታዊ ብራና አገኘሁ አለ፤ ኋላ የቼኮዝሎቫኪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ማሳሪክ ገና ፕሮፌሰር ሳለ ሐሰት ነው ብሎ ቢከራከር የገዛ ወገኖቹ ከሃዲ አሉት። ፈረንሳውያን ደግሞ የሮላንን መዝሙር ያገኙት ኦክስፎርድ፣ ጠላታቸው አገር መደርደሪያ ላይ ነው፤ በ1837 ታተመ። በ1870 መጨረሻ ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር ተከብባ ስትራብ ጋስቶን ፓሪስ የተባለው ሊቅ ስለ ሮላንና ስለ ፈረንሳይ ብሔራዊ ማንነት ንግግር ያደርግ ነበር። ታሪኩ ራሱ በ778 የሻርለማኝን የኋላ ደጀን ባስኮች ሸለቆ ውስጥ የፈጁበት ትንሽ ውጊያ ነው፤ ግጥሙ ባስኮቹን ወደ እልፍ አእላፍ ሙስሊም ሠራዊት ለወጣቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ንጹሕ ልብ የነበረው የፊንላንዱ ኤልያስ ሎንሮት ይመስለኛል። የካያኒ ወረዳ ሐኪም ነበር። በእግሩና በበረዶ ሸርተቴ ካሬሊያን እየዞረ ከገበሬዎች አጫጭር ዜማዎችን ለቀመ፤ በ1835 ካሌቫላ ብሎ አወጣቸው፤ በ1849 አስፋፍቶ 22,795 መስመር አደረሰው። ካሬሊያ ውስጥ ካሌቫላን በዚያ መልኩ የዘፈነ አንድም ሰው የለም። ሎንሮት ቅደም ተከተሉን ፈጠረ፣ የተለያዩ ጀግኖችን አንድ አደረገ፣ ማያያዣ መስመሮችን ጻፈ፤ ይህን ማድረጉንም አልደበቀም። በሩሲያ ሥር የነበረች ትንሽ አገር መጽሐፉን ይዛ ቋንቋዋን ቢሮና ትምህርት ቤት አስገባች። ታዲያ ካሌቫላ እውነተኛ ኤፒክ ነው ወይስ የሎንሮት ድርሰት? ሲን-ሌቂ-ኡኒኒን የተቀበለ ሰው ሎንሮትን የሚነቅፍበት ምክንያት አይታየኝም።

የዚህ ገበያ ሌላው ገጽታ ኮሶቮ ነው። ሰርቦች በ1389 ከኦቶማን ጋር የገጠሙትን ውጊያ የሚያወሱት ዜማዎች፣ ቩክ ካራጂች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የሰበሰባቸው፣ ድንቅ ግጥሞች ናቸው። በስድስት መቶኛ ዓመቱ በ1989 የሰርቢያው መሪ ሚሎሼቪች ያንኑ ሜዳ ላይ መቶ ሺዎች ፊት ቆመ። በ1992 የሳራዬቮ ከበባ ሲጀመር የተቀረጸ ዘጋቢ ፊልም የቦስኒያ ሰርቦችን መሪ ራዶቫን ካራጂችን ጉስሌ ይዞ ሲያዜም ያሳያል። የአቭዶ መሣሪያ ነው፤ አቭዶ ሙስሊም ነበር። ኤፒክ ሕዝብን ያቀራርባል እያሉ በየጉባኤው ለሚያወድሱ ሰዎች ይህን ፊልም ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

አፍሪካ ውስጥ ጥያቄው ሌላ ቅርጽ ያዘ። ሩት ፊኔጋን በ1970 ባሳተመችው ትልቅ ጥናት ውስጥ ኤፒክ ከሰሃራ በታች ጎልቶ የሚታይ የሥነ ቃል ዓይነት አይደለም ስትል አንድ አጭር ማስታወሻ አስገባች። ናይጄሪያዊው ኢሲዶር ኦክፔውሆ በ1979 ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ መለሰላት። ምስክሩ ብዙ ነበር፤ ምዊንዶ፣ ገጣሚው ክላርክ በ1977 ያሳተመው የኢጆዎቹ የሰባት ሌሊት ኦዚዲ፣ ከሁሉ በላይ የማሊ መንግሥት መሥራች ሱንጃታ። ሰባት ዓመት ሞልቶት መቆም ያቃተው ልጅ፣ በብረት ዘንግ ተደግፎ ሲነሣ፣ እናቱ ሶጎሎን ላይ የሳቁባት ሁሉ ሲያፍሩ፣ ኋላም በ1235 ገደማ ኪሪና ላይ ጠንቋዩን ንጉሥ ሱማዎሮን ሲያሸንፍ፤ ይህን ጄሊ የሚባሉት የማንዴ ተራኪዎች ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ እስከ ዛሬ ይተርኩታል። ኦክፔውሆ ረታ፤ ግን የሚያስቀው ነገር ዓለም ሱንጃታን ያወቀበት መጽሐፍ ጅብሪል ታምሲር ኒያን በ1960 በፈረንሳይኛ ዝርው ያሳተመው መሆኑ ነው። ጊኒ በሁለት ዓመት ነጻነቷ ላይ ሳለች የታሪክ ምሁሩ የጄሊውን ቃል ወደ ልብ ወለድ የሚጠጋ ትረካ ለወጠው። የአፍሪካ ኤፒክ አምባሳደር ግጥም አይደለም ማለት ነው።

ሰሜን አፍሪካና ዓረቢያ ላይ ስንመጣ ታሪኩ ወደ እኛ ይቀርባል። የጥንቱ ዓረብ ገጣሚና ጦረኛ ዐንተራ እናቱ ዘቢባ ሐበሻዊት ባሪያ ነበረች፤ በጀግንነቱ ነጻነቱን ያገኘው ይህ ሰው ከሞተ በኋላ ስሙን የያዘው ሲራ የሚባል የጀግና ትረካ በዘመናት እየፋፋ ብዙ ጥራዝ ሆነ። የመናዊው ሰይፍ ኢብን ዚ የዘን ሲራ ላይ ግን የምንታየው በሌላ ወገን ነው፤ የጀግናው ዋና ጠላት የሐበሻ ንጉሥ ነው፤ ስሙም ሰይፈ አርዕድ። የታሪኩ ሰይፍ አክሱማውያንን ከየመን ለማስወጣት የተነሣው በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን አፄ ሰይፈ አርዕድ የነገሡት ከ1344 እስከ 1371 ነው። ተራኪው ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ዘሎ በዘመኑ የሚፈራውን ስም አስገባ፤ ሊቃውንቱም በዚህ ስም ምክንያት ሲራው መልኩን የያዘው መቼ እንደሆነ ይገምታሉ። የባኒ ሂላል ሲራ ደግሞ ግብፅ ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ በረባብ ታጅቦ በሌሊት ይዘፈን ነበር፤ ገጣሚው ዐብዱረህማን አል-አብኑዲ ዕድሜውን ሲሰበስበው ኖሮ በ2015 ሞተ፤ ከታላላቆቹ ዘፋኞች የመጨረሻው ሰይድ አድ-ደዊ በዓመቱ ተከተለ።

ከዓረቡም በፊት ግሪኮቹ ኢትዮጵያን በኤፒክ ውስጥ አስገብተዋታል። የሆሜር አማልክት ግብር ሊበሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ይሄዳሉ፤ የጠፋው “ኤቲዮፒስ” የተባለ ኤፒክ ትሮይን ለመርዳት መጥቶ በአኪሌስ እጅ ስለወደቀው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ይተርክ ነበር። ያ ስም የዛሬውን ካርታ እንደማያሳይ የታወቀ ነው፤ እኛ ሰዎች በዚህ ላይ አጉል መኩራት እናበዛለን። ሚልተን ግን በ1667 ባወጣው የጠፋው ገነት ውስጥ የጠቀሰው የአማራ ተራራ፣ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት ተብሎ የተገለጸው፣ ከአምባ ግሸን ወሬ የመጣ ነው።

ሚልተን ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው። ከጅምሩ በብዕር የተጻፉት ኤፒኮች የራሳቸው ቤተ ዘመድ ናቸው። ቨርጂል ኤኔይድን ሳይጨርስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ሲሞት አቃጥሉት ብሎ ተናዝዞ ነበር፤ አውግስጦስ አይሆንም ብሎ አስወጣው። ፊርዶውሲ ሻህናሜን በ1010 ፈጸመ፤ ሦስት አሥርት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። የፋርስን ነገሥታት ከአፈ ታሪክ ጀምሮ እስከ ዓረቦች ድል ድረስ ተረከ፤ ሩስተም ሳያውቅ የገዛ ልጁን የሚገድልበት ክፍል ብቻውን ዘመን ይሻገራል። እሱ ግን ብቻውን ከአእምሮው አልፈጠረውም፤ ከፊቱ የተጻፉ የነገሥታት ዜናዎች ነበሩት። መጽሐፉ ከወጣ በኋላም ናቃል የሚባሉ ተራኪዎች ወስደው በቡና ቤት በቃል ይተርኩት ጀመር። ቃል ወደ ጽሑፍ ብቻ አይሄድም፤ ጽሑፍም ወደ ቃል ይመለሳል። የሕንዱ ራማያና ላይ ይህ መመላለስ ከሁሉ ይበልጣል። ራማኑጃን የተባለው ሊቅ ስለ ሦስት መቶ ራማያናዎች የጻፈው ድርሰት በ2011 ከዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዲወጣ የተደረገው አንድ ትክክለኛ ራማያና ብቻ አለ በሚሉ ሰዎች ጫና ነው፤ ለዚህ አስተሳሰብ በ1987 የተጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ ብዙ አግዞታል፤ አገሩ ሁሉ እሑድ ጠዋት አንዱን መልክ አየ።

አሁን የማይቀረው ጥያቄ። አማርኛ ለምን እንዲህ ያለ ኤፒክ የለውም? ፈላስፋው ሄግል ቻይናውያን ብሔራዊ ኤፒክ የላቸውም ሲል እንደ ጉድለት ቆጥሮት ነበር፤ ፊኔጋንን የተቆጡትም ሰዎች ያው ሚዛን ተቀብለው ነው የተቆጡት። እኔ ሚዛኑን አልቀበልም። የጀግና ግጥም ሞልቶናል፤ ከአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ ከጥንታውያኑ መካከል ለአፄ ዐምደ ጽዮንና ከእሳቸው በኋላ ለነገሡት የተዘመሩት ግጥሞች ይገኛሉ፤ ኢግናሲዮ ጉዊዲ በ1889 አሳትሟቸዋል። ውዳሴ እንጂ ትረካ አይደሉም። ፉከራና ቀረርቶ፣ የኦሮሞውም ጌራርሳ ቢሆን፣ ባለታሪኩ ራሱ ቆሞ የሚናገረው ነው፤ የገደለውን፣ የፈረሱን ስም፣ የአባቱን ዘር። ኤፒክ ግን ጀግናው ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሲናገር ነው የሚጀምረው። ያን ሥራ በእኛ ዘንድ የያዘው በግእዝ የሚጽፈው ደብተራ ነበር፤ ለቅዱሱ ገድል፣ ለንጉሡ ዜና መዋዕል፣ ለሥርወ መንግሥቱ ክብረ ነገሥት፣ ሁሉም በዝርው።

ሁለተኛው ምክንያት የጣዕም ነው። ፓሪ እንዳሳየው ረጅም የቃል ትረካ የሚኖረው በተዘጋጀ ሐረግ ነው፤ አቭዶ ፈረሱን በለጎመ ቁጥር ያንኑ ቃል ይጠቀማል፤ አድማጩም ይወድለታል። ቅኔ ቤት ውስጥ ይህ ነውር ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራሴ ብሎ ያለ ተማሪ ያፍራል። አዝማሪውም የሚሸለመው በሁለት ስንኝ ውስጥ ሰምና ወርቅ አስገብቶ ሳቁን ወይም ድንጋጤውን ወዲያው ካወጣ ነው። እንዲህ ባለ ጆሮ ፊት ፈረስ ሲለጎም አሥር መስመር የሚፈጅ ዘፋኝ መሸለሙን እጠራጠራለሁ። ለዚህ ነው ሙሾ ላይ እንኳ ስለ አንድ ሟች ሙሉ ታሪክ ሊወጣ የሚችለው ነገር በአልቃሾች መካከል ተበታትኖ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ስንኝ ለብቻው ተስሎ የሚቀረው።

ኤፒክ አበቃለት የሚሉም አሉ፤ ሐያሲው ባኽቲን ኤፒክ የተዘጋ፣ ያለቀለት ዓለም ነው፤ ሕያው የሆነው ልብ ወለድ ነው ብሎ ጽፏል። አቭዶን አልሰማም። ዴሬክ ዋልኮት በ1990 ባወጣው ኦሜሮስ የሴንት ሉሲያ ዓሣ አጥማጆችን አሺልና ሄክቶር ብሎ ሰይሞ፣ በታንኳና በባርነት ትዝታ ላይ ጠቅላላ መጽሐፍ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኖቤል ተሸለመ። ያለቀለት ነገር እንዲህ አይመለስም።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ጊልጋመሽን አስቀድሙ፤ አጭር ስለሆነ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ስብርባሪው ላይ ክፍተት ሲገጥማችሁ አትበሳጩ። ቀጥሎ የኒያን ሱንጃታ፣ እሱም የአንድ ምሽት ነው። ከሻህናሜ ሩስተምና ሶህራብን ለይታችሁ አንብቡ። ማሃባራታን በአጭሩ ከተዘጋጀው ጀምሩ፤ ከመቶ ሺህ ጥንድ ስንኝ ጋር ለመታገል የሚወስን ሰው ሥራውን ይለቅቃል። ኢልያድ ላይ ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ የመርከቦቹ ዝርዝር ሲመጣ ሳታፍሩ ዝለሉት። ሃያ አራተኛው ላይ ግን፣ ሽማግሌው ፕሪያም በሌሊት ተሹለክልኮ ልጁን የገደለውን ሰው እጅ ሊስም ሲገባ፣ አንድ መስመር እንዳታመልጣችሁ።